አንበጣን መንጋ የሚያደርገው እግር

በጎንደር ጓንግ የምንለው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜን ተቀብሎም ኸሽም ኤል ቂርባ ይደርሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው ግድብ፣ የአስዋን ሐይቅ ቀያቸውን የዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን የሰፈሩበትን እርሻ ያጠጣል። ከመስኖው ወጣ ሲሉ ያለው ሜዳ ግን ዝናብ ጠባቂ ነው። ክረምት ሲገባ ማሽላው ይዘራል፣ ሣሩም ይለመልማል። ያኔ የበረሃ አንበጣም ይራባል፤ ይህ ሜዳ ያለበትን ካሰላን ጨምሮ የሱዳን መሀል አገር የክረምት መራቢያው ነው።

ስለ አንበጣ ሲወራ የሚነሣው ክንፉና አፉ ነው። እኔ ግን መታየት ያለበት የኋላ እግሩ ነው እላለሁ።

እንደ ሌሎች ነፍሳት ሁሉ የአንበጣ ጠንካራ አካል ውጭ፣ ጡንቻው ውስጥ ነው። የኋላ ጭኑ የወፈረው እግሩን የሚዘረጋ ትልቅ ጡንቻ ስለያዘ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እግሩን የሚያጥፍ ቀጭን ጡንቻ አለ። ትልቁ ጡንቻ ኀይለኛ ቢሆንም ዘገምተኛ ስለሆነ በራሱ ፍጥነት ብቻ አንበጣውን ያን ያህል ሊያስፈነጥረው አይችልም። ስለዚህ አንበጣው መጀመሪያ ቅልጥሙን አጥፎ ከጭኑ ጋር ይገጥመዋል። ከዚያ ሁለቱ ጡንቻዎች አንድ ላይ ይወጠራሉ፤ ትልቁ ሊዘረጋ ይታገላል፣ ትንሹ አልለቅም ይላል። ትንሹ ትልቁን የሚችለው በብርታቱ አይደለም። እግሩ ጥርቅም ብሎ ሲታጠፍ የትንሹ ጡንቻ ጅማት በጭኑ ውስጥ ባለች ጉብታ ላይ ስለሚያርፍ አያያዙ ለእሱ ያደላል።

ይህ ትግል ግማሽ ሰከንድ ገደማ ሲቆይ ከውጭ ለሚያይ እግሩ ንቅንቅ አይልም። በውስጥ ግን በጉልበቱ ግራና ቀኝ ያሉት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጠንካራ ቅርፊቶች ይጎብጣሉ፣ የትልቁ ጡንቻ ጅማትም ይሳባል፤ ቀስት ቀስ ተብሎ እንደሚገተር ማለት ነው። የዝላዩ ኀይል በእነዚህ ሁለቱ እንደሚጠራቀም ቤኔት-ክላርክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለክቶ አሳይቷል። ትንሹ ጡንቻ ሲለቅ የተጠራቀመው ሁሉ ከሰከንድ ሠላሳኛ ባልበለጠ ጊዜ ይወጣል። 2 ግራም ገደማ የሚመዝነው አንበጣም በሰከንድ 3 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ከመሬት ይላቀቃል።

ይኸው ጭን ሌላም ሥራ አለው፤ እኔን ከዝላዩ በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ተመራማሪው ስቲቨን ሲምፕሰንና ባልደረቦቹ ብቻውን ያደገ አንበጣን የተለያየ የሰውነት ክፍሉን በብሩሽ እየደጋገሙ ነኩት። ሌላ ሌላውን ቦታ ሲነኩት ለውጥ አልታየም። የኋላ ጭኑን ውጫዊ ገጽ ሲነኩት ግን ከዘመዶቹ ይሸሽ የነበረው አንበጣ በአራት ሰዓት ውስጥ ፈላጊያቸው ሆነ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ2009 ደግሞ ለውጡን የሚያመጣው በነርቩ ውስጥ የሚጨምረው ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል መሆኑ ታወቀ። በሜዳም የሚሆነው ይኸው ነው። ዝናቡ አልፎ ለምለሙ ሲሳሳ አንበጦቹ በቀረችው ቁጥቋጦ ላይ ይታጨቃሉ፤ ጭን ለጭን ሲተሻሹም ይሰባሰባሉ።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ የሚያህል ይበላል። ይህ የገበሬውን ማሽላ ብቻ ሳይሆን ለአጨዳ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ የሚወርደውን የጎንደር ልጅ የቀን ገቢም ይነካል። ክንፍ ያወጣ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ለመከላከል የሚመቸው አምስት ጊዜ ቆዳውን ገፎ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ በእግሩ የሚሄደው ኩብኩባ ነው። ብቻውን ያደገው ኩብኩባ አረንጓዴ፣ መንጋ የሆነው ግን ቢጫና ጥቁር ነው። ጠባዩ በሰዓታት ቢለወጥም ቀለሙ ቆዳ እስኪገፍ ይዘገያል። ስለዚህ ሜዳውን የሚያስሰው ሠራተኛ አረንጓዴ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ በአንዲት ቁጥቋጦ ላይ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ጎንበስ ብሎ ይመልከት።