ሽሮው ከቃሪያ ጋር፣ ቡናው ከምግብ በፊት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የቡራዩ ሰው ወደ አስኮና መርካቶ፣ የሰበታው በዓለም ገና በኩል ወደ አየር ጤና፣ የሱሉልታው ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ለመድረስ ታክሲ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ቀምሶ የወጣው ሻይ በዳቦ ነው። ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ያንኑ ይዘው ነው። ምሳ ላይ ሽሮ ወይም ፓስታ ይበላል፣ ወዲያው ቡና ይከተላል። ማታ እንጀራ በወጥ ቀርቦ ማዕዱ ሳይነሳ ሻይ ይቀዳል። ማንም አልተራበም። ሆኖም ሰውነት ከዚህ ሁሉ ምግብ ማግኘት የሚገባውን አያገኝም።

ጤናማ አመጋገብ ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በውድ የሚሸጥ፣ ስሙ እንኳ ለአፍ የማይመች ምግብ ነው። ይህ አስተሳሰብ ያሳዝነኛል፤ አቅም የሌላትን እናት ያለ ጥፋቷ ተስፋ ያስቆርጣታልና። ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሚገባበት ቤት ዋናውን ነገር ይዟል። የሚቀረው አቀራረቡ ነው፤ ምን ከምን ጋር እንደሚበላ፣ ቡናና ሻዩ መቼ እንደሚጠጣ፣ ወተቱ እንዴት እንደሚያዝ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም የተመሠረተው እዚሁ በምናውቃቸው ምግቦች ላይ ነው።

በብረት ማዕድን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ደም ማነስ ሁሉ ከምግብ አይመጣም፤ ወባም፣ የአንጀት ትልም፣ ሌላም ሕመም ያመጣዋል። የብረት እጥረት ግን ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። ታዲያ ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት ማታ እንጀራ በሚበላ አገር እጥረቱ ከየት መጣ?

መልሱ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፣ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ የእህሉ አይደለም። እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከሚነካው አፈር የመጣ ነው፤ ይህ ብረት በላቦራቶሪ ይቆጠራል እንጂ አንጀት ብዙም አይቀበለውም። ሁለተኛው ፋይቴት የሚባለው ውህድ ነው። እህልና ጥራጥሬ ለራሳቸው ቡቃያ ፎስፈረስ የሚያከማቹት በዚህ ውህድ ነው። ችግሩ ብረትንና ዚንክን አስሮ መያዙ ነው። የጤፍ ቅንጣት በጣም ትንሽ ስለሆነች ገለፈቷ ተለይቶ አይወጣም፤ እንዳለች ትፈጫለች። ይህ ለቃጫውና ለማዕድኑ መልካም ቢሆንም ፋይቴቱም አብሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ እናቶቻችን ያቆዩልን እርሾ ትልቅ ሥራ ይሠራል። በሊጡ ውስጥ የሚራቡት ረቂቅ ሕዋሳት አሲድ ያመነጫሉ። ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይበረታል፣ ፋይቴቱንም ይሰባብረዋል፤ የታሰረው ብረትም ይፈታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥና በችኮላ አድሮ የተጋገረ ሊጥ በመልክ አንድ ዓይነት እንጀራ ቢሰጡም ለደማችን እኩል አይደሉም። ቤት የምትጋግሩ ሊጡን አታስቸኩሉት። እንጀራ የምትገዙም ደንበኛችሁን ስንት ቀን እንደምታቦካው ጠይቋት፤ ጥያቄው የሚያስነውር አይደለም።

ባቄላ፣ አተርና ሽምብራም በፋይቴት በኩል እንደ ጤፍ ናቸው። ከዋዜማው ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከተቻለም አብቅሎ በቆልት ማድረግ ፋይቴቱን ይቀንሳል። ሱሉልታ ላይ ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላው አልበስል ብሎ ከሰልና መብራት የሚፈጀው በዚህ ነው፤ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ሻይና ቡናው። በሁለቱም ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ ታኒን ከእነሱ አንዱ ነው። ከዕፅዋት ከሚገኝ ብረት ጋር አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ይጣበቁበታል፣ ብረቱም ሳይጠቅም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከሥጋ ሳንድዊች ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ ለካ። ለእኛ ቤት ትልቁ ቁም ነገር ግን የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ።

ቡና የሚፈላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምሳ ተበልቶ እጅ እንደታጠበ ነው። ቡናውን ተዉ የሚል ሰው ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበትን ሰዓት ተዉ እያለ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ምክር አልሰጥም። ረከቦቱ ከምሳ በፊት ይዘርጋ፣ ወይም ምግቡ እስኪፈጭ ወደ ከሰዓት አጋማሽ ይገፋ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ባለችበት ቤት ይህ ለውጥ ለነገ የሚባል አይደለም። ለሕፃን ግን ሻይ ጨርሶ አይሰጥ። ዳቦ ነክሮ በሻይ የሚያድግ ልጅ ትንሿ ሆዱ የምትሞላው በስኳርና ብረት በሚያስር ውሃ ነው።

ሻይ የሚያስረውን የሚፈታ ደግሞ አለ፤ ቫይታሚን ሲ። ከብረቱ ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል፣ የፋይቴትንም ኃይል ያዳክማል። አንድ መቶ ግራም ጥሬ ቃሪያ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ያው ክብደት ያለው ሎሚ ከ50 ብዙም አይዘልም። ከሽሮው አጠገብ ቃሪያ ያስቀመጠው የአያቶቻችን ልማድ የሚደነቅ ነው። ቃሪያ ለሚያቃጥለው ልጅ ቲማቲም በሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ይተካል፤ ዘይቱን እንዲያውም ከቃሪያ አያንስም። ይህ ቫይታሚን ግን ሙቀት አይችልም፣ በውሃም ይሟሟል። ጎመኑ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ሲደፋ አብሮ ይደፋል። በጥቂት ውሃ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ቶሎ ማውጣት ይሻላል።

ለጠዋቱ ዳቦ ምን ይተካ ቢባል በደጋው የሚበቅለው ገብስ ቅርብ ነው። በሶ ለመበጥበጥ እሳት እንኳ አያስፈልግም፤ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የሚፈጥን ቁርስ አላውቅም። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ ቃጫ አለው፤ ምግብ በሆድ ውስጥ ረጋ ብሎ እንዲሄድ ያደርጋል፣ በየቀኑ ሲበላም መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የማታው እንጀራ ፍርፍር ሆኖ ቲማቲምና ቃሪያ ሲገባበትም ከነጭ ዳቦ እጅግ የተሻለ ቁርስ ነው። ለልጆች እንቁላል ከተጨመረበት ደግሞ የበለጠ ነው።

ሱሉልታ ሲነሳ ድርቆሽና ወተት አብረው ይነሳሉ። ወተት ለልጅ ከሚሰጡ ምግቦች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ በዚህ አካባቢ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ 88 እርባታዎች ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ የወተት ከብቶችን መርምሮ ከ100ው 30 ያህሉ በከብት ሳንባ ነቀርሳ የተያዙ መሆናቸውን አረጋገጠ። ይህ ተህዋስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ብሩሴሎሲስም እንዲሁ። ወተቱ ወደ እርጎ ቢለወጥም ኮምጣጣነቱ አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። መፍትሔው ማፍላት ነው። ፋብሪካዎች ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ በማሞቅ እነዚህን ተህዋሲያን ስለሚገድሉ የሱሉልታ 91 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ወተት ሳይፈላ አረፋው ሊገነፍል ስለሚችል እሳቱን ቀንሶ እያማሰሉ በእርግጥ እስኪፈላ መጠበቅ ያሻል። እርጎ የሚያረጋ ሰውም መጀመሪያ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ እርሾ እርጎ ይጨምርበት።

ሁለተኛውን ነገር ማፍላት አይፈታውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተት ናሙና ወስዶ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን አገኘ። ከሩብ በላይ የሚሆኑት ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አካል ካስቀመጠው በሊትር 0.5 ማይክሮ ግራም ገደማ ወሰን ያለፉ ነበሩ። አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ፣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ላሟ ጋ ያደረሰው በዋናነት የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታወቀ፤ እርጥበት የነካው ፋጉሎ ይሻግታል፣ ላሟ ትበላዋለች፣ መርዙ ከፊሉ መልኩን ለውጦ በወተቱ ይወጣል። ከዚህ ተነሥቶ ለልጅ ወተት መከልከል ትልቅ ስህተት ነው፤ የሚታጣው ጥቅም ብዙ ነው። ቁልፉ ያለው በግርግሙ ነው። ሁለት ሦስት ላም በግቢው የሚያረባ የሰበታና የሱሉልታ ሰው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በደረቅ ቦታ፣ ለአጭር ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ የሻገተውንም «ለከብት ምን ችግር አለው» ብሎ ከመስጠት ቢጥለው የራሱንም የደንበኛውንም ልጆች ይጠብቃል። በቤት ውስጥም በርበሬና ለውዝ እርጥበት ከነካቸው ያው ሻጋታ ያገኛቸዋል።

የሱሉልታ ብርድ ስለ ዘይትም የሚያስተምረው አለው። ሰው «የሚረጋ» የሚለው የፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የሚያረጋው የተሞላ ስብ ነው፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ይኸው ስብ ነው፤ በብዛት ሲበላም በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ፈሳሽ እንደሆኑ ያድራሉ፤ የሚበዛባቸው ያልተሞላ ስብ ነውና። ዋጋቸው የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ግማሽ ሊትር ኑግ በማንኪያ እየተለካ ሁለት ሊትር ፓልም በድስት እየተገለበጠ የሚሄደውን ያህል ቀን ሊያቆይ ይችላል።

ጨው ላይ አጭር ልሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት አማካዩ ወደ 8 ግራም እንደሚደርስ አሳይቷል። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ስለሚመጡ ወጡን ሳይቀምሱ ደግሞ መጨመር አያስፈልግም። ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለው ይሁን፤ በክዳን ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰኞ ልጀምር ያለ ቤት በሐሙሱ ይሰለቻል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ ገምቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቂ ሲሆን ለሌላው 254 ቀን ያህል ይፈልጋል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም እንደማይጎዳም ታይቷል። በዚያ ጥናት ሰዎቹ አዲሱን ነገር በየቀኑ ከሚያደርጉት አንድ ነገር ጋር አያይዘውት ነበር። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን ሞልቷል። ጿሚ ቤት ረቡዕና ዓርብ አለው፤ ጥራጥሬ የመዘፍዘፉ ነገር ከማክሰኞና ከሐሙስ ማታ ጋር ይታሰር። ቃሪያና ሎሚ ቅዳሜ ከጉሊት ከሽንኩርቱ ጋር ይገዛ። የቡናው ሰዓት ደግሞ አንዴ ከተለወጠ ጎረቤቱም አብሮ ይለምደዋል።

ስለ ልጆች አንድ ነገር አለ። ከአንድ ትሪ ስንበላ ትንሹ ልጅ ከትልልቆቹ እጅ ጋር መሽቀዳደም አይችልም፤ ምን ያህል እንደበላም ማንም አያይለትም። ሁለት ዓመት ላልሞላው የራሱ ሳህን ይኑረው፤ እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ተለይቶ ይቀመጥለት። ጎመኑን ቢተፋው «አይወድም» ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ሕፃናት አዲስ ጣዕም ለመቀበል ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ሳይቆጡና ሳያስገድዱ፣ በሌላ ቀን ጥቂት ጎመን ከሚወደው ድንች ጋር ደባልቆ እንደገና ማቅረብ ነው፤ እናቱም አባቱም አጠገቡ ሆነው ያንኑ ጎመን እየበሉ።