ዘዬ አይታረም፣ ንባብ ይታረማል

ቱምና ማጂ አካባቢ ለሚሰማ የአማርኛ ማስታወቂያ አንባቢ ስመርጥ «የአዲስ አበባ ድምፅ ይሁን» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አልስማማም። የአካባቢው የዲዚ ብሔረሰብ ልጅ አማርኛውን በራሱ ዜማ ቢያነበው ምን ይጎድላል? የሚያደምጠው ጎረቤቱ ነው!

የማልምረው የሚጠብቀው ላልቶ፣ የሚላላው ጠብቆ ሲነበብ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ግን ያልደረሰ ነገር። ከቀረጻ በፊት የሚጠብቁትን ፊደላት በእስክሪብቶ አሰምርባቸዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

የአካባቢ ስም ላይ ደግሞ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ የከተማው አንባቢ ነው። ሚዛን ከተማ ዙሪያ የሚነገረው ቤንችኛ የቃል ፍቺን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይለያል፤ አምስት የከፍታ እርከኖች አሉት። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ይህን አይነግራችሁም። ስቱዲዮ ያላችሁ፣ ስሙን ከተናጋሪው አፍ በስልክም ቢሆን ሳትሰሙ ማይክ አትክፈቱ።