ቀበቶው ከታሰረ በኋላ

«እዚህ ጋ ሙዚቃ አስገባበት፤ ሲኑ ደረቀብኝ።» ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ ደጋግሜ የሰማሁት ትእዛዝ የለም። የወንጀል ታሪክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተዋናዩ በር ሊከፍት ገና እጁን ወደ እጀታው ሲሰድ ያ የታወቀው ከበሮና ቫዮሊን ከኋላ እንዲነሣ ይፈለጋል። ተመልካቹ መፍራት እንዳለበት ቀድሞ ይነገረው ነው ነገሩ። በክርክር ዳይሬክተር ማሸነፍ ስለማልችል፣ አሁን አሁን ሻይ አስመጥቼ አጠገቤ አስቀምጠውና የቆየ ፊልም እከፍትለታለሁ። የምከፍታቸው አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1967 እና 1968 የወጡ ናቸው፤ በእኛ በ1960 ዓ.ም. ግድም መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የፒተር ዬትስን «ቡሊት» ነው የማሳየው። ስቲቭ ማክኩዊን የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ሆኖ አረንጓዴ ፎርድ ማስታንግ ይነዳል። ጥቁር ዶጅ ቻርጀር የያዙ ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ይከተሉታል። መጀመሪያ ሁለቱም መኪኖች ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ የላሎ ሺፍሪን ጃዝ ከሥራቸው ይጫወታል። ማስታንጉ ከዓይናቸው ይሰወርና ትንሽ ቆይቶ በገዳዮቹ የኋላ መስታወት ውስጥ ብቅ ይላል። አሳዳጁ ተሳዳጅ ሆነ። ይሄኔ የቻርጀሩ ሹፌር የደኅንነት ቀበቶውን ያስራል፤ ካሜራው ቀረብ ብሎ ያሳየናል። ጎማው ሲጮኽ ሙዚቃው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ቻርጀሩ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቶ እስኪፈነዳ አንድ ኖታ አይሰማም፤ የሚነጋገርም ሰው የለም። የሚሰማው የሞተር ጩኸት፣ የማርሽ ቅየራና መኪናው ከዳገቱ አናት ዘሎ አስፋልት ላይ ሲያርፍ ሆዱ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ካየ በኋላ «ሙዚቃው የት ላይ ቆመ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው የነበረ ይመስላቸዋል። ወደ ኋላ መልሼ አሳያለሁ፤ ሁለተኛ ሲያዩት ዝም ይላሉ። ሺፍሪን ሙዚቃውን የጻፈው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ላይ ሙዚቃ እንዳይገባ የመከረውም ራሱ መሆኑን ሲናገር ኖሯል። ለገንዘቡ ሲል «ትንሽ ልጨምርበት» ያላለ የሙዚቃ ሰው ማግኘት በየትም አገር ቀላል አይደለም።

ይህን ክፍል የቆረጠው ፍራንክ ኬለር በዚሁ ፊልም የኤዲቲንግ ኦስካር ወስዷል። ስህተቶቹ ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። መኪኖቹ አንዲቷን አረንጓዴ ፎልክስ ደጋግመው ይቀድሟታል። ቻርጀሩም አራት ጎማ ብቻ እያለው ከአራት በላይ የጎማ ክዳን ያራግፋል። አንዱን ሩጫ በብዙ ካሜራ ቀርጸው ያንኑ መልሰው መላልሰው ስለተጠቀሙበት ነው። እኛ ዘንድ የተዋናዩ ሸሚዝ ቁልፍ በአንዱ ሾት ተዘግቶ በሌላው ተከፈተ ተብሎ ጥሩ ትወና ሲጣል አይቻለሁ። ኬለር ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ትቶ ትወናውን ይይዝ ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ፊልሙ የተነሣው በ1963 ከታተመው «ሚዩት ዊትነስ» ከተባለ ልብ ወለድ ነው። የመጽሐፉ መርማሪ የኒውዮርክ ሰው ሲሆን ይህ ሁሉ የመኪና ግልቢያ ከእሱ የተወሰደ አይደለም።

የጆን ቡርማን «ፖይንት ብላንክ» አንድ ዓመት ይቀድማል። ዶናልድ ዌስትሌክ ሪቻርድ ስታርክ በሚል የብዕር ስም ከጻፈው «ዘ ሀንተር» የተወሰደ ነው። ሊ ማርቪን የተከዳና ገንዘቡን የተነጠቀ ወንጀለኛ ነው። በሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ጫማው ወለሉን ይመታል፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቀጥሎ ምስሉ ተቀይሮ የከዳችውን ሚስቱን ያሳየናል፤ የጫማው ድምፅ ግን አይቋረጥም። እሷ ስትኳኳል ይራመዳል፣ እሱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት እንኳ ይራመዳል። በሩን በርግዶ ሲገባ ነው የሚያበቃው። ከዚያ የሽጉጡን ጥይት ሁሉ አልጋው ላይ ያርከፈክፈዋል፤ አልጋው ላይ ማንም የለም። ያን ያህል ያስጠበቀን እርምጃ ባዶ ፍራሽ ላይ መጣሉ የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ነው። ለዚህ ሁሉ የተፈለገው አንድ ጥንድ ጫማና የማይፈራ ኤዲተር ነበር።

ፈረንሳዮቹ በዚያው ዓመት ከዚህም አልፈው ሄዱ። የዣን ፒየር ሜልቪል «ለ ሳሙራይ» ሲጀምር ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ሰው አፉን አይከፍትም። አለን ደሎን ቅጥር ገዳይ ነው፤ ጨለምለም ባለ ክፍል አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ያጨሳል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት የጎጆ ወፍ ብቻ ነች፤ ጭው ጭው ትላለች። ቀጥሎ የቆመ ሲትሮየን ውስጥ ይገባና ወንበሩ ላይ ከዘረጋው ትልቅ የቁልፍ ቀለበት እያንዳንዱን ቁልፍ በየተራ ይሞክራል፤ ዓይኑ ዝናብ ከመታው መስታወት አይነቀልም። የዛሬ ኤዲተር ሁለቱን ቁልፍ አሳይቶ ሦስተኛው ላይ ሞተሩን ያስነሣ ነበር። ሜልቪል ያስጠብቀናል፤ ጥበቃው ሰውዬው ምን ያህል ረጋ ያለ እንደሆነ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይነግረናል።

ወፏ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በኋላ ፖሊሶች ክፍሉ ውስጥ የድምፅ መቅጃ ደብቀው ሲያዳምጡ የሚሰሙት የእሷን ጩኸት ብቻ ነው። ደሎን ወደ ቤቱ ሲመለስ ወፏ ተበጥብጣ ላባዋ ረግፎ ያገኛል፤ ሰው እንደገባ የሚያውቀው በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ለድባብ የገባ የመሰለን ድምፅ ማስረጃ ሆነ። ከሥሯ ማጀቢያ ሙዚቃ ቢነጠፍ ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? የሜልቪል ስቱዲዮ በዚያው በ1967 በእሳት ጋይቷል፤ ወፏም በቃጠሎው እንደሞተች ራሱ ተርኳል።

«ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝምም። መጨረሻው ላይ የተኩስ እሩምታው ከመጀመሩ በፊት ወፎች ከዛፉ ብር ብለው ይነሣሉ፤ ሁለቱ ወንበዴዎች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ፀጥ ይላል። ከዚያ በተለያየ ፍጥነት በአራት ካሜራ የተቀረጸው ሞታቸው ይመጣል። ኤዲተሯ ዴዴ አለን ይህን የመሰለ ሥራ ሠርታ ለኦስካር እንኳ አልታጨችም። የዚያን ዓመቱን የኤዲቲንግ ሽልማት የወሰደው «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት»ን የቆረጠው ሃል አሽቢ ነው። እሱም አላግባብ አላገኘውም። ነጩ ባለ እርሻ ጥቁሩን መርማሪ ሲድኒ ፖይቲየርን በጥፊ ሲመታው መልሱ ትንፋሽ እንኳ ሳይወሰድ ይመጣል። አንድ ሰከንድ ብትዘገይ ኖሮ ያቺ ጥፊ የታሰበበት በቀል ትመስል ነበር።

ከዘመኑ የወንጀል መጽሐፎችም አንዱን ብቻ ላንሣ። የስዊድናውያኑ ጥንዶች የማይ ሾዋልና የፔር ቫሉ «የሚስቀው ፖሊስ» የወጣው በ1968 ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በፎቅ አውቶቡስ የተሳፈሩ ሰዎች በጅምላ ይገደላሉ፤ ከሟቾቹ አንዱ ወጣት ፖሊስ ነው። የሚገርመኝ ግድያው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ጊዜ ነው። መርማሪዎቹ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ የማይረባ ፍንጭ ተከትለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በ1973 አሜሪካኖች ታሪኩን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አዛውረው ፊልም ሲያደርጉት ይህ መሰልቸት እንደ መጽሐፉ አልተገኘም። አልፈርድባቸውም፤ መሰልቸትን ሳያሰለቹ ማሳየት ከሙያችን ሁሉ ከባዱ ነው።

ዳይሬክተሮቹም መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። «የእኛ ሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ፀጥታ ካገኘ ያወራበታል፤ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በስልክ ነው የሚያየው» ይላሉ። ስልክ ላይ ቀጭን ድምፅ እንደሚጠፋ እኔም በራሴ ስልክ ሞክሬ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሙዚቃ ባወጣሁበት ቦታ ሁሉ ባዶ አልተውም፤ የጫማውን፣ የቁልፉን፣ የጄኔሬተሩን ድምፅ ለብቻው አስቀርጼ ከፍ አድርጌ አስገባበታለሁ። ችግሩ ቀረጻ ላይ ድምፅ ለብቻ የሚይዝ ባለሙያ የሚቀጥር ፕሮዲውሰር ጥቂት መሆኑ ነው። ብሩ ለሙዚቃው አስቀድሞ ተከፍሏል፤ «የከፈልንበትን ልታስወጣብን ነው?» ይሉኛል።