የሳምንቱን የአየር ትንበያ እንዴት እንስማ?

ኅዳር ሲገባ በማንኩሳና በአካባቢዋ ጤፉ ይታጨዳል፤ በርበሬውም ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ የሚያድርበት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ራዲዮኑ፣ «በዚህ ሳምንት በምዕራብ ጎጃም በአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ ሊጥል ይችላል» ቢል ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ይደነግጥና ያልደረሰውን ጤፍ ያጭዳል። ሌላው፣ «የሰማይን ነገር ማን ያውቃል!» ብሎ ይተኛል። ሁለቱም ይከስራሉ።

ትንበያውን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። በመለኪያ ጣቢያዎች ያሉ ሰዎች ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዘነበውን ይለካሉ። ከላይ ደግሞ ሜቲዎሳት የሚባለው ሳተላይት በየ15 ደቂቃው የአፍሪካን ደመና ፎቶግራፍ ያነሳል። ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ይሰላል። አባቶች ነፋሱንና ደመናውን አይታችሁ የምታውቁትን ጣሉት የሚል የለም። ራዲዮኑ የሚጨምርላችሁ ከተራራው ማዶ ያለውን፣ ገና ያልደረሰውን ነው።

«በአንዳንድ ቦታዎች» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ዝናቡ ቡሬ ላይ ወርዶ ማንኩሳን ሊዘላት ይችላል ማለት ነው። ከአንዱ ማሳ ጥሎ ሌላውን ሲተው አይታችሁ የለ? ስለዚህ እናንተ ዘንድ ባይዘንብ ራዲዮኑ ዋሸ አትበሉ። በልጆቻችሁ ስልክ ላይ «ፍኖተ ሰላም» ተብሎ የሚወጣውም ያው ነው፤ ለከተማዋና ለዙሪያዋ የተሰላ ግምት እንጂ የማሳችሁ አይደለም። ደግሞም የነገውና የተነገ ወዲያው ግምት ይታመናል፤ የ6ኛውና የ7ኛው ቀን ግን ይሳሳል። ሰኞ የሰማችሁትን ይዛችሁ እስከ እሑድ አትቀመጡ፤ በየማታው ስሙ።

በበጋ ዝናብ ከየት ይመጣል? በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ነው። አንዳንዴ ግን ከህንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል እርጥብ አየር ሰብሮ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ውቅያኖሱ በአፍሪካ በኩል ከወትሮው እጅግ ሞቆ ስለነበር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ዝናብና ጎርፍ ሆነ።

«ዝቅተኛው 11፣ ከፍተኛው 27 ድግሪ» ቢባል፣ 11 የንጋቱ ብርድ ነው፤ 27 የ9 ሰዓቱ ሙቀት። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሌሊቱ ይበርዳል። ዝቅተኛው ቁጥር በድንገት ከፍ ካለ ደመና ሰማዩን እንደ ጋቢ ሸፍኖታል ማለት ነውና ያን ጊዜ ተጠንቀቁ።

«10 ሚሊ ሜትር» ሲባል ትንሽ ይመስላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሩብ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከጣለ 25,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን 1,000 ማለት ነው! ይህ ሁሉ በታጨደው ጤፍ ላይ ሲወርድ አስቡት።

እንግዲህ ዝናብ ከተባለ ምን ይደረግ? የደረሰውንና የደረቀውን ጤፍ ቶሎ ሰብስቡ። ከሥሩ ድንጋይና እንጨት ረብርባችሁ፣ ጫፉን አሹላችሁ ከምሩት። እርጥቡን ነዶ ግን አትከምሩ፤ ውስጡ ይግላል፣ ይበቅላል። ነጩ ጤፍ ከጠቆረ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ለመሸፈን የሚጠፋው ግማሽ ቀን ነው፤ ባይዘንብ የከሰራችሁት እሱን ብቻ ነው።

በርበሬውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስጡ። ማታ በሸራ ወይም በላስቲክ ሸፍኑት፣ ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት። ተሸፍኖ ከዋለ ያልበዋል፤ ያላበው ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። የሻገተውን ለቅማችሁ ለብቻው አውጡ፤ ከደህናው ጋር አብሮ አይፈጭ።