የ1965ቱ የወሎ ረሃብ፦ የጠፋው እህል ነው ወይስ መግዣው?

በ1965 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ፣ አዲስ አበባን በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ከአስመራ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ባላገሮች ቆመው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። የ1964ቱ ክረምት ከድቷቸው፣ በላዩ በልጉም ቀርቶባቸዋል። ሰብሉ መጥፋቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ በዚያው ጎዳና ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር ሲነገር፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ለምን ተራበ?

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው መልስ፣ ገበሬው መግዣ ስላጣ ነው የሚል ነው። የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። ሰብሉ የከሸፈበት ገበሬ ግን ጎተራውንም ኪሱንም በአንድ ቀን ያጣል። በሬውን ሊሸጥ ቢወጣ ጎረቤቱም እንደሱ በሬ እየነዳ ስለሚመጣ ዋጋው ይወድቃል። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በተሳተፈበት የተንዳሆ የጥጥ እርሻና በመሰሎቹ ምክንያት የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሹን አስቀድሞ ተነጥቆ ነበር።

አንዳንድ ተቺዎች በዚህ አልተስማሙም። በወሎ የምግብ እጥረቱ እውነተኛ ነበር፤ የደሴ ዋጋም የገጠሩን ገበያ አያሳይም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነበርና። ይሁን እንጂ ያ ባላገር ከገጠሩ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ መጥቷል፤ እዚያም ደርሶ አልበላም። መንገድ ማጣት ብቻውን ይህን አይፈታውም። ሴንም ቢሆን የወሎ ምርት መውደቁን አልካደም።

የመንግሥት ዝምታስ? ዝምታው እርዳታን አዘግይቷል፤ ረሃቡን ያጋለጠው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ሲወርዱ ግን የረሃቡ ምክንያት ጥያቄ በጥፋተኛ ፍለጋ ተሸፈነ። በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ሆኖም በ1977 ወሎ እንደገና ተራበ። እንግዲህ ዝናብ ባጠረ ቁጥር ኩንታል ከመቁጠር ጎን ለጎን ገበያ ወርዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ አንድ በሬ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ማሽላ ይገዛል?