ቦርከና ሲጎድል ቆሻሻው አይጎድልም

የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። በዚያም እንደ ለዮሌ ያሉ ገባሮቹን ተቀብሎ በቃሉ ወረዳ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቃል፤ ከከሚሴም አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወንዙ ውስጥ የተጣለ ነገር ሁሉ ማረፊያው ከታች ያለው ማሳና ግጦሽ ነው።

ወንዞች ደለላቸውን የሚያራግፉባቸው ዝቅተኛ ሜዳዎች በመላው ዓለም የእህል ጎተራ ናቸው። የግብጽ የአባይ ደልታና የቬትናም የሜኮንግ ደልታ ለዚህ ምስክር ናቸው። ዛሬ ሁለቱንም የባሕር ጨዋማ ውኃ እየገፋቸው፣ ከላይ የሚወርድላቸው ደለልም እያነሰባቸው ነው። ጨፋ ባሕር አያሰጋውም፤ የእርሱ ስጋት የሚመጣው ከላይ ነው። ይህ ረግረጋማ ሜዳ የአካባቢው አርሶ አደር የሚያርስበት፣ በበጋ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር ጭምር ከብቶቹን የሚያሰማራበት ነው።

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያየ የወሎ አርሶ አደር የዝናብን አለመታመን ያውቀዋል። በልግ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ፊቱን የሚያዞረው ወደ መስኖ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ዝናብ በጠፋበት ወቅት ወንዙ ይጎድላል፤ የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ ግን አይጎድልም። ለምሳሌ በሴኮንድ 1000 ሊትር በሚፈስ ወንዝ ውስጥ 10 ሊትር ፍሳሽ ቢገባ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ወንዙ ወደ 100 ሊትር ሲወርድ ያው ፍሳሽ ከአስር አንድ እጅ ያህል ይሆናል። አርሶ አደሩ ወንዙን አጥብቆ የሚፈልግበት ጊዜ ወንዙ ክፉኛ የሚበከልበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሏት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የኢንዱስትሪ ፓርኳም ተመርቋል። ሥራው ለወጣቱ እንጀራ ነው፤ ፍሳሹ ግን ልኬት ይፈልጋል። ከአስር ዓመት በፊት ገደማ ተመራማሪዎች በከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽና በገባር ወንዞቹ ላይ ባደረጉት ምርመራ እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ለመስኖ ውኃ የሚመክረው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ነው።

አርሶ አደሩ ሁለት ዓይነት ብክለት መለየት አለበት። አንደኛው ከመጸዳጃና ከቤት ፍሳሽ የሚመጣ ተህዋስ ነው። ውኃውን በኩሬ አሳርፎ ከላይ መቅዳት፣ በቅጠል ላይ ከማፍሰስ በቦይ ማጠጣት፣ ምርት ከመሰብሰቡ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ውኃ ማቆም ይቀንሰዋል። ሰላጣን የመሰለ ጥሬውን የሚበላ አትክልት በእንዲህ ያለ ውኃ ባይለማ ይመረጣል። ሁለተኛው ከባድ ብረት ነው። ይህ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ አፈር ውስጥ ዓመት ከዓመት ይከማቻል። ቅጠላ ቅጠል ከፍሬያማ ሰብል ይበልጥ ስለሚስበው ጎመንና ሰላጣ ቀዳሚ ተጋላጮች ናቸው። መፍትሔው ያለው ከማሳው ሳይሆን ከፋብሪካው ቱቦ ጫፍ ላይ ነው።

ለዚህም ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ድርጅቱ መግባት ይችላል። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይደርስበትም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው። ይህን መብት ቀበሌ ድረስ ማሳወቅ የወረዳ ኃላፊዎች ሥራ ነው።

ኃላፊዎች ሊያተኩሩበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ክረምት ላይ፣ ወንዙ ሲሞላ የተወሰደ ናሙና ሁሉን ደህና ያስመስላል። ልኬቱ ውኃው በሚያንስባቸው ወራት፣ ከፋብሪካው በላይና በታች ይወሰድ፤ ውጤቱም የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ዘንድ ይድረስ። ቦርከና ከደቡብ ወሎ ተነሥቶ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንን አልፎ አፋር ስለሚደርስ፣ የላይኛውና የታችኛው አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው። የደሴ ደረቅ ቆሻሻም ወንዝ ውስጥ መጣሉ ካልቆመ የታችኛው ወረዳ ብቻውን የሚያደርገው ጥረት ውጤት አያመጣም።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የጨፋ ምግብ ዋስትና ሥሩ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ጥሩውን ውኃ መጠበቅም ከዚያው ይጀምራል።