አንዱን ጂን ስናነሣ ምን አብሮ ይነሣል?
ጂን የጎደላቸው አይጦችና የሕዋስ ሞት ጥናት



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ከራሴ ስሕተት የተወለደ ነው። የዶክትሬት ጥናቴን በውጭ አገር በሠራሁበት ዘመን ከመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፎች አንዱ «ካስፔዝ-1» የተባለው ጂን በጎደላቸው አይጦች ላይ የተመሠረተ ነበር። ሙከራው በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ውጤቱ ተደጋግሞ ተመሳክሯል፤ ፈታኞቼም ተቀብለውታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዚያ ምዕራፍ ዋና መደምደሚያ ወደቀ። የወደቀው ቁጥሮቹ ስለተሳሳቱ አልነበረም፤ አይጦቹ በጽሑፌ ላይ ያሰፈርሁላቸውን ስም የሚመጥኑ ሆነው ስላልተገኙ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ፣ ከዚያም ምን እንደተማርን ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

የአንድን ነገር ጥቅም ለማወቅ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ነገሩን አንሥቶ የሚጎድለውን ማየት ነው። ከጭቃ ቤት ግድግዳ አንዱን ቋሚ ብንነቅልና ጣሪያው ቢያዘምም፣ ያ ቋሚ ጣሪያውን ደግፎ ኖሯል እንላለን። ጂን የጎደላቸውን አይጦች የሚያጠና ሰው የሚከተለውም ይህንኑ አመክንዮ ነው። አመክንዮው የሚጸናው ግን ከቋሚው ጋር የታሰረው ማገር አብሮ እስካልወጣ ድረስ ነው።

እንዲህ ያሉት አይጦች የሚሠሩበትን ዘዴ በአጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1981 ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን ከአይጥ ፅንስ የግንድ ሕዋሳትን አውጥተው በቤተ ሙከራ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ማሪዮ ካፔኪና ኦሊቨር ስሚቲስ ደግሞ በየፊናቸው በሕዋስ ውስጥ ያለን አንድ የተመረጠ ጂን በሌላ ቅጂ መተካት የሚቻልበትን መንገድ ቀየሱ። ሦስቱ ሳይንቲስቶች፣ ኢቫንስ፣ ካፔኪና ስሚቲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በዚህ ዘዴ ተመራማሪው ሆን ብሎ ያበላሸውን የጂን ቅጂ ወደ ግንድ ሕዋሳት ያስገባል፤ በጥቂቶቹ ሕዋሳት ውስጥ ብልሹው ቅጂ የጤነኛውን ቦታ ይይዛል። እነዚህ ሕዋሳት ተመርጠው ወደ ሌላ አይጥ ለጋ ፅንስ ይገባሉ፤ የሚወለደውም ግልገል ከሁለት ዓይነት ሕዋሳት የተውጣጣ ቅይጥ ይሆናል። ከዚያ ዘር አንዳንድ ብልሹ ቅጂ የያዙ ወንድና ሴት ሲዳቀሉ፣ በሜንዴል ሕግ መሠረት በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ጤነኛ ቅጂ ጨርሶ የሌለው ይሆናል።

ለብዙ ዓመታት አስተማማኝ የግንድ ሕዋሳት ይገኙ የነበሩት «129» ተብሎ ከሚጠራው የአይጥ ዘር ነበር። ይህን ቁጥር በማስታወሻችሁ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ በሽታው እንለፍ። ግራም-ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን «ሊፖፖሊሳካራይድ» የተባለ ሞለኪውል ይዟል። የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ሞለኪውል ሲያገኙ ወራሪ እንደገባ ተረድተው የማንቂያ ምልክት ያሠራጫሉ። ምልክቱ በልኩ ሲሆን ያድናል። ከልክ ሲያልፍ ግን የደም ግፊት ይወርዳል፣ ደም በሥሮች ውስጥ ይረጋል፣ የውስጥ አካላትም ተራ በተራ ሥራቸውን ያቆማሉ። በተለምዶ የደም መመረዝ፣ በሕክምና ቋንቋ ሴፕሲስ የምንለው ሕመም እንዲህ ያለ መልክ አለው፤ በወሊድና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራችሁ ሐኪሞች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «በዚህ ሂደት ውስጥ ገዳዩ የትኛው ሞለኪውል ነው?» የሚለው ጥያቄ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። መድኃኒት የሚፈለገው በመልሱ አቅጣጫ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፍንጭ የመጣው ማንም ሆን ብሎ ካልሠራው አይጥ ነው። «ሲ3ኤች/ኤችኢጄ» የተባለው ዘር በተፈጥሮ ሊፖፖሊሳካራይድን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የብሩስ ቦይትለር ቡድን ምክንያቱን ደረሰበት፤ በእነዚህ አይጦች ውስጥ ቲኤልአር4 የተባለው፣ በሕዋስ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ሊፖፖሊሳካራይድን የሚለየው ተቀባይ ተበላሽቶ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ካስፔዝ-1 የጎደላቸው አይጦች ተሠርተው ነበር። ካስፔዝ-1 ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆርጥ ኤንዛይም ሲሆን፣ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን የትኩሳትና የብግነት መልእክተኛ ቆርጦ ለሥራ ያበቃል። አይጦቹ ይህን መልእክተኛ በወጉ ማዘጋጀት ተሳናቸው፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከዚህም በላይ ሌሎች አይጦችን የሚገድለው የሊፖፖሊሳካራይድ መጠን ሲሰጣቸው በሕይወት ተረፉ። መደምደሚያው ግልጽ መሰለ፤ በሊፖፖሊሳካራይድ ለሚመጣው ሞት ተጠያቂው ካስፔዝ-1 ነው ተባለ። እኔም ይህን መደምደሚያ እንደ መሠረት ድንጋይ ተቀብዬ በላዩ ላይ ገነባሁ።

ልብ ብንለው ኖሮ የሚያጠራጥር ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የጁንዪንግ ዩዋን ቡድን ካስፔዝ-11 የተባለው፣ የካስፔዝ-1 የቅርብ ዘመድ የሆነው ጂን የጎደላቸውን አይጦች ሠራ። እነዚህም ከሊፖፖሊሳካራይድ ሞት ተረፉ። በዘመኑ የተሰጠው ትርጓሜ ካስፔዝ-11 ካስፔዝ-1ን የሚያነቃቃ ረዳት ነው የሚል ነበር። ትርጓሜው አሳማኝ ነበር፤ ሁለቱን ውጤቶች ያለ ግጭት ያስታርቃልና። ሁለተኛ አማራጭ ሊኖር እንደሚችል ግን ብዙዎቻችን አላሰብንም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኖቡሂኮ ካያጋኪ፣ ቪሽቫ ዲክሲትና ባልደረቦቻቸው ሁለተኛውን አማራጭ ይዘው ቀረቡ። ከ129 ዘር የተወሰዱ ማክሮፌጆች፣ ማለትም ባክቴሪያ ዋጭ ሕዋሳት፣ ማንም ጂን ሳይነካባቸው ካስፔዝ-11 እንደጎደላቸው ሕዋሳት ሲሆኑ አዩ። ሲመረምሩም በ129 ዘር ውስጥ የካስፔዝ-11 ጂን በተፈጥሮ ሚውቴሽን የተበላሸ መሆኑን አገኙ። ካስፔዝ-1 የጎደላቸው አይጦች ደግሞ ከ129 ዘር የግንድ ሕዋሳት የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ለ16 ዓመታት «ካስፔዝ-1 የጎደለው» ስንለው የኖርነው አይጥ ካስፔዝ-11ም የጎደለው ነበር። ማገሩ ከቋሚው ጋር አብሮ ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። «አይጦቹ ለብዙ ትውልድ ከሌላ ዘር ጋር መልሰው ይዳቀሉ የለምን? የ129 ዘር ቅሪት በዚያ አይጠራም?» የሚል። በእርግጥም በእያንዳንዱ ትውልድ የባዕዱ ዘር ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ10 ትውልድ በኋላ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ከተፈለገው ጂን ርቀው ለሚገኙት ጂኖች ነው። በአይጥ የካስፔዝ-1 እና የካስፔዝ-11 ጂኖች በአንድ ክሮሞዞም ላይ እጅግ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ተመራማሪው በየትውልዱ የተበላሸውን ካስፔዝ-1 በመረጠ ቁጥር፣ ሳያውቀው ጎረቤቱን የተበላሸ ካስፔዝ-11 አብሮ ይመርጣል። አሥር ትውልድ ቀርቶ ሃያ ቢጨመር ሁለቱን የመለየቱ ዕድል ጠባብ ነው።

የካያጋኪ ቡድን በዚህ ጥርጣሬ ላይ ብቻ አልቆመም። ሁለቱም ለጎደሏቸው አይጦች ጤነኛ የካስፔዝ-11 ጂን መልሶ ሰጣቸው፤ አሁን የጎደላቸው ካስፔዝ-1 ብቻ ሆነ። ሊፖፖሊሳካራይድ ሲሰጣቸው ሞቱ። ካስፔዝ-1 ኖሯቸው ካስፔዝ-11 ብቻ የጎደላቸው ግን ተረፉ። በሊፖፖሊሳካራይድ ለሚመጣው ሞት ወሳኙ ካስፔዝ-11 መሆኑ ታወቀ። ካስፔዝ-1 ኢንተርሉኪን-1 ቤታን እንደሚያዘጋጅ የሚገልጸው ዕውቀት አልተሻረም፤ የተሻረው ለሞቱ የተሰጠው ምክንያት ነው።

ያን ጽሑፍ ባነበብሁበት ሳምንት ወደ ቀድሞው ቤተ ሙከራዬ ደብዳቤ ጽፌ፣ በማቀዝቀዣ የቀሩት የአይጦቼ የጅራት ናሙናዎች እንዲመረመሩ ጠየቅሁ። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ ሁሉም የ129ን ብልሹ ካስፔዝ-11 ይዘዋል። ያዘንሁት ለምዕራፌ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሥራ ሕይወታቸው ያለፈ አይጦች ቁጥር በማስታወሻ ደብተሬ ተጽፎ ይገኛል። ጥያቄው በትክክል ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዋጋ ሌላ ፍሬ ባስገኘ ነበር።

እርማቱ ግን በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ጥናቶች ካስፔዝ-11 ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ የገባን ሊፖፖሊሳካራይድ ያለ ቲኤልአር4 እገዛ በሚታወቅበት መንገድ ላይ እንደሚሠራ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ኤንዛይሙ ራሱ ከሞለኪውሉ ጋር በቀጥታ እንደሚጣበቅ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የካያጋኪና የፌንግ ሻዎ ቡድኖች የመጨረሻውን እርምጃ አገኙ፤ ካስፔዝ-11 ጋስደርሚን-ዲ የተባለውን ፕሮቲን ይቆርጣል፣ የተቆረጠውም ክፍል የሕዋሱን ሽፋን ይበሳል። ሕዋሱ አብጦ ይፈነዳል፤ ውስጡ ያለው የማንቂያ ቁስ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ይህ «ፓይሮፕቶሲስ» የሚባለው እሳታማ ሞት ነው። አፖፕቶሲስ ከተባለው፣ ሕዋሱ ተሸብሽቦና ተቆራርሶ ጎረቤቶቹን ሳያውክ ከሚሞተው ሞት ጋር ፍጹም ይለያል።

ሁለተኛው ትምህርት ከሌላ ዘመድ ጂን የሚገኝ ነው። ካስፔዝ-8 አፖፕቶሲስን የሚያስጀምር ገዳይ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ገዳይ ሲጎድል ሕይወት ይበዛል ብለን እንጠብቃለን። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠሩት ካስፔዝ-8 የጎደላቸው አይጦች ግን በማኅፀን ሳሉ፣ በእርግዝናው እኩሌታ ገደማ ሞቱ። ምስጢሩ እስኪፈታ 13 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2011 ካስፔዝ-8ም ሪፕኬ3 የተባለውም ኤንዛይም አብረው የጎደሏቸው አይጦች ተወልደው አደጉ፤ ሲያረጁ ግን የሊምፍ ዕጢዎቻቸው አበጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሪፕኬ3 «ኔክሮፕቶሲስ» የተባለ ሌላ የሕዋስ ሞት ያስነሣል፤ ካስፔዝ-8 ደግሞ ይህን ሞት አፍኖ ይይዛል። አንዱ ሞት የሌላው ዘበኛ ኖሯል። አንድን ጂን ብቻ በማንሣት ይህን ማየት አይቻልም ነበር፤ ሁለተኛው ሲነሣ ግን የመጀመሪያው መጉደል ያስከተለው ጥፋት ተሻረ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሪፕኬ3 ጨርሶ የጎደላቸው አይጦች ጤነኞች ሆነው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ፕሮቲኑ በቦታው እያለ የኤንዛይም ሥራው ብቻ በአንድ ለውጥ የታገደባቸው አይጦች በፅንስነት ሞቱ፤ የታገደው ፕሮቲን ካስፔዝ-8ን ወደ ግድያ መራው። አለመኖርና ኖሮ ዝም ማለት አንድ አይደሉም። ኤንዛይምን የሚያግድ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ልዩነት ሊዘነጉት አይገባም፤ አብዛኛው መድኃኒት ፕሮቲኑን አያጠፋምና።

አይጥ ሰው አለመሆኑንም እናስብ። የአይጡን ካስፔዝ-11 ሥራ በሰው የሚሠሩት ካስፔዝ-4 እና ካስፔዝ-5 ናቸው። ሪፕኬ1 የጎደላቸው አይጦች በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገለጹት ይኸው ጂን የማይሠራላቸው ልጆች ግን በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ በአንጀትና በመገጣጠሚያ ብግነት እየተሠቃዩም ቢሆን በሕይወት ተገኝተዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ «ይህ ጂን በጎደላቸው አይጦች እንዲህ ታየ» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሙ። አይጦቹ ከየትኛው ዘር ሕዋስ ተሠሩ? የተነጻጸሩት ከእነርሱው ጋር ከአንድ ወላጅ ከተወለዱ ጤነኛ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ነው ወይስ ከገበያ ከተገዙ? ጂኑ ሲመለስላቸው የጠፋው ጠባይ ተመልሷልን? ከሦስቱ ከባዱና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። እኔም የዘለልሁት እርሱን ነበር።

ያ ምዕራፍ ዛሬም በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አለ። በቢሮዬ ባለው ቅጂ ርእሱ ላይ ግን «ካስፔዝ-1» ከሚለው ቀጥሎ በእጄ «እና ካስፔዝ-11» ብዬ ጨምሬበታለሁ። ለማማክራቸው ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን የማሳያቸው ያን ገጽ ነው።